ለየሺ የተገዛችው ማሽን

እትዬ ፈንታነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት አሽቀሎን፣ ማሪናው ላይ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ጀልባዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠን አይስክሬም እየላስን፣ በምን እንደምንስቅ እንኳ ሳናውቅ እየሳቅን ነበር። እማዬ ደወለች። እማዬ ስትደውል መጀመሪያ የት እንዳለሁ፣ ቀጥላ ምን እንደበላሁ ነው የምትጠይቀኝ። ያን ቀን ሁለቱንም አልጠየቀችም። «ኦሪት፣ ወደ ቤት ነይ» ብቻ አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታል እሳቸው ዘንድ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። አይስክሬሙ እጄ ላይ ቀልጦ እስከ ክንዴ ወረደ።

ስለሳቸው ልጻፍ ያልኩት ያኔ አይደለም፤ ያኔ ማልቀስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ማትናስ በምንለው በሰፈራችን ማዕከል ፊደል ስማር ከርሜ እጄ ፈታ ብሏል። ጀምሬው መሀል ላይ የሚጠፋብኝ ዓረፍተ ነገር ቀረ። እውነቱን ልናገርና ደስታዬን አልችለውም፤ በመንገድ ስሄድ እንኳ የሱቅ ስሞችን በልቤ በአማርኛ እጽፋለሁ። ደስ እያለኝ ስለሚያሳዝን ነገር መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅርታ። እሳቸው ቢሆኑ «ጻፊ ልጀ፣ ደስታ ምን ያሳፍራል» ነበር የሚሉኝ።

አቲቆት በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ በራችንና በራቸው ፊት ለፊት ነው። እኔ የወተት ጥርሴን ሳልጥል ነው ከባላቸው ጋር ከጎንደር የገቡት። ባላቸው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የሺ ትባላለች። እነሱ ሲመጡ የሺ ባል አግብታ ስለነበር የመግቢያ ፋይሏን ከነሱ ለዩት። «አይዟችሁ፣ ትከተላችኋለች» ተባሉ። በኋላ ትዳሩ ፈረሰ፤ ፋይሉ ግን እንደተለየ ቀረ። ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። ሁሉም ሊያስረዳኝ ይጀምርና መሀል ላይ ትከሻውን ነቅንቆ ይተወዋል።

የሺ ጎንደር ከተማ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ በጀሪካን ታጠራቅማለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሳፋ ላይ ጎንበስ ትላለች። አንድ ቀን ፎቶ ላከችላቸው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለፎቶ ተብሎ ፈገግ ብላለች። እትዬ ፈንታነሽ ስልካቸውን ሰጡኝና «አጉይልኝ» አሉ። ፊቷን አጎላሁላቸው። «ወዲያ አይደለም፣ ወደ ታች» አሉኝ። እጇ ላይ ደረስኩ። የጣቶቿ ጫፍ በሳሙና ተበልቶ ቀልቷል፤ መጋጠሚያው ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው «መኾና ልገዛላት ነው» አሉ። መኾና የሚሉት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።

እማዬ ልጅቷ ሳትመጣ ማሽኑ ምን እንደሚሠራላቸው ጠየቀቻቸው። ቤታቸው ያለችው አሮጌ ማሽን ገና ደህና ነበረች። እሳቸው ግን ስለራሳቸው እያሰቡ አልነበረም። ትከሻቸው እስኪጎዳ ድረስ አጋሚም በሚባለው ሰፈር በሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ደረጃና ቤት ያጸዱ ነበር። እዚያ በየወጣቶቹ ባልና ሚስት ቤት አዲሱን ዓይነት ማሽን ከነማድረቂያው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ያዩታል። ፊቷ ላይ ክብ መስታወት ያላት፣ ልብሱን ራሷ መዝና ውሃውን ራሷ የምትለካ ናት። አንዷን ወጣት እናት ቁልፍ ተጭና ቁጭ ስትል፣ ቡናዋን ስትጠጣ፣ ጥፍሯን ስትቀባ አይተዋታል። እትዬ ፈንታነሽ ለየሺ የፈለጉት ያን መቀመጥ ነው።

ሱቅ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ዕብራይስጡን ለማስተርጎም። ሻጩ ማሽኗን እየዳበሰ ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ መብራት፣ ትንሽ ሳሙና እያለ አሞገሳት። አስተረጎምኩ። «ታዲያ በምን ታጥባለች?» አሉኝ። ለሻጩ ነገርኩት፤ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ማድረቂያዋንም አብረው ወሰዱ፤ ለየሺ ጎዶሎ ነገር አይገዙም። ሁለት ወጠምሾች እያለከለኩ በደረጃው ተሸክመው አወጧቸውና ሚርፔሴት ላይ፣ ከኋላ ባለችው ትንሽ በረንዳ፣ ደራርበው አቆሟቸው፤ አሮጌዋን ይዘው ወረዱ። ላያቸው ላይ የተለጠፈውን ቀጭን ፕላስቲክ ልላጠው ስል እጄን ያዙኝ። «ተይው፤ እሱን ራሷ ትላጠው።»

የመጀመሪያውን ዕጥበት አልረሳውም። ዱካ አምጥተው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንግዳ ሊቀበሉ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። ከበሮው ትንሽ ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ውሃው የታለ ይሉኛል። ከሥር አለ፣ ትንሽ ነው እላቸዋለሁ። ልብሱ እኮ አልሰጠመም ይሉኛል። ሳቫላኑት፣ ይታገሡ እላቸዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ታገሡ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። ሽንት ቤት የሄዱ መስሎኝ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው መጡ። የሳሙናዋን መሳቢያ ሳብ አደረጉና አንቆረቆሩት። ሁለተኛ አመጡ። «ሎ፣ ሎ፣ እትዬ ይተዉ» እያልኩ ስንተናነቅ ሦስተኛውንም ደገሙ። በላዩ ላይ ከእፍኛቸው ሳይጎድል የዱቄት ሳሙና ጨመሩ። ድሮ ወንዝ ላይ እንደለመዱት ነው የሰፈሩት፤ መዳፋቸው ነው ሚዛናቸው።

አረፋው መጀመሪያ በመሳቢያው በኩል ብቅ አለ። ከዚያ በረንዳውን ሞላ። ከዚያ በፍርግርጉ በኩል ወርዶ ታች የተሰጣው የጎረቤት አንሶላ ላይ አረፈ። ማሽኗ አንድ ፊደልና ቁጥር እያበራች መጮህ ጀመረች። እማዬ ከቤታችን በባዶ እግሯ ሮጣ መጣችና በር ላይ ቆመች። እትዬ ፈንታነሽ መሀል አረፋው ውስጥ ሆነው «ጠግባ ነው» አሉ።

በማግስቱ ቴኽናይ፣ ማለትም የማሽን ሠሪ፣ መጣ። ወጣት ልጅ ነው። ውሃ መጨመር እንደማያስፈልግ፣ ሳሙናውም አረፋ የሌለው ዓይነት ሆኖ ሁለት ማንኪያ እንደሚበቃ፣ ልብሱ የሚጸዳው እርስ በርሱ እየወደቀ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳ። እኔ አስተረጎምኩ። እትዬ ፈንታነሽ እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙትና «እስቲ ጠይቂልኝ፤ የሱ እናት የምታጥብለት በዚህችው ነው?» አሉ። ጠየቅኩት። አዎ፣ በዚህችው ነው አለ። አንገትጌውን አዩት። ልጁም ሳያስበው እጁን ወደ አንገትጌው ሰደደ። እሱ ከሄደ በኋላ እኔና እማዬ ግድግዳ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይርገበገብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ውሃ አልጨመሩም። ግን አላመኗትም። አንድ ዓርብ ጠዋት ሳላንኳኳ ስገባ ገንዳ ውስጥ ቆመው አየኋቸው፤ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ልብስ ይረግጣሉ። ረግጠው፣ አሽተው፣ አለቅልቀው ከጨረሱ በኋላ ነው ማሽኗ ውስጥ የሚከቱት። እማዬ ሰምታ ተቆጣች። «እትዬ፣ የታጠበ ልብስ ገብቶ ምን ሊሆን ነው?» «ትልመድ ብዬ» አሏት።

ለምን እንዲህ ከውሃ ጋር እንደሚጨነቁ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው፤ እግራቸውን እያደረቁ። በጎንደር ገጠር የሳቸው ወገን ከአይሁድነቱ ተለውጦ፣ ከክርስቲያኑ ጋር ተቆጥሮ ነው የኖረው። ጸሎቱ ጠፋ። በዓሉ ጠፋ። ስሙም በአደባባይ የሚጠራ አልነበረም። አያታቸው ግን ዓርብ ዓርብ የቤቱን ልብስ ሁሉ ወንዝ አውርደው ሳያጥቡ አይውሉም ነበር። ቀብር ደርሶ የመጣ ሰው ደግሞ ገላውንም ልብሱንም ሳያጥብ ጎጆ አይገባም፤ ልጅም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን። ጎረቤቱ «እነሱ ውሃ ውሃ ይሸታሉ» እያለ ያማቸው ነበር አሉኝ።

«የቀረን እሱ ብቻ ነበር፣ ኦሪት። ምን እንደሆን እንኳ አናውቀውም፤ ብቻ እናጥባለን። የሚወርድ ውሃ፣ ልብሱን የሚያሰጥም ውሃ። አሁን ይቺ በእፍኝ ውሃ አጠብኩ ስትለኝ...» አሉና ወደ በረንዳው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንዳትሰማቸው ይመስል።

ማድረቂያዋማ የባሰባት ናት። ስሟን በዕብራይስጥ መያቤሽ ይሏታል፤ ይጠሯታል እንጂ አይነኳትም። ፀሐይ እያለ ልብስ ሣጥን ውስጥ ዘግቶ መጥበስ ምን ይባላል ይላሉ። አሽቀሎን ላይ ደግሞ ፀሐይ ሞልቷል፤ ከባሕሩ ንፋስ ጋር አንሶላ ተሰጥቶ ወዲያው ይደርቃል። ግን ትከሻቸው እየባሰ ሄደ። ክረምቱ ዝናብ የበዛበት ሆነና እጃቸው ወደ ገመዱ አልነሣ አለ። አንድ ቀን የሺ ራሷ የፈተለችውንና በሰው የላከችላቸውን ጋቢ አጥበው እንደረጠበ ማድረቂያዋ ውስጥ ከተቱት። ሲከፍቱት ጋቢው ለሕፃን የተሠራ ይመስል ተኮማትሯል። ዘረጉት፤ ጎተቱት፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ሊያለሰልሱት ሞከሩ። እኔ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስፈራ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ደረታቸው ላይ እንኳ አልገጠመም። «ሞቃለች» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ እሱን ነው የሚለብሱት። ለየሺ ግን አልነገሯትም። ጋቢዬስ ስትላቸው «ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ያለብሳል» ይሏታል።

እኔን አጠገባቸው ያቆየኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልምምዱ። የሺ ስትመጣ ማሽኑን ራሳቸው ሊያስተምሯት ቆርጠዋል። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ቁልፎቹን በቦታቸው ነው ያጠኗቸው። ነጭ ልብስ ከላይ ሁለተኛው ነው፤ ባለቀለሙ ከሥሩ ያለው። ስህተት እንዳይሠሩ «አንቺ የሺ ሁኚ» ይሉኝና ከበር አስወጥተው ያስገቡኛል። እንደ የሺ ሰላም እላቸዋለሁ። ይስሙኛል፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግመው፤ መንገዱ ደክሞሽ ይሆናል ይሉኛል። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ በረንዳው ይወስዱኛል። ልብሱን ያሳዩኛል፤ መሳቢያውን፤ ሁለቱን ማንኪያ። እኔ አውቄ እጄን ወደ ልብሱ ስሰድድ ጠበቅ አድርገው ይመልሱታል።

«አትንኪ። እሷ ትሠራለች፣ አንቺ ተቀመጪ።»

ዱካው ላይ ያስቀምጡኛል። እጄን መዳፋቸው ውስጥ አድርገው ያሹታል፤ የእኔን ለስላሳ እጅ፣ ከስልክ በቀር ምንም የማይነካውን። ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ እኔም የጎንደር ልጅ አስመስዬ እያወራሁ አስቃቸው ነበር። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረ። እኔ ስነሣ እንኳ እጄን ቶሎ አይለቁትም።

ሚስራድ፣ የየሺን ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ቁጥር ይወስዳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ሲጠሩ ቦርሳቸውን አቅፈው ይነሣሉ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሴትዮ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሯን ታያለች፤ ገና ተሹቫ አልመጣም ትላለች፤ መልስ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ስንመለስ ማሽኗ ከሥር ውሃ ማፍሰስ ጀምራ ነበር። ያው ቴኽናይ ተጠራ። አኽራዩቷ፣ ዋስትናዋ፣ አልቋል አለ። አስተረጎምኩ።

«ልጄ ሳትነካት?» አሉ።

ለሱ አላስተረጎምኩለትም። ቴኽናዩ ግን ፊታቸውን አይቶ ይሁን አላውቅም፣ የበሯን ጎማ ጠርጎ አስተካከለና ገንዘብ ሳይጠይቅ ሄደ። እትዬ ፈንታነሽ ሁለት እጃቸውን ማሽኗ ላይ ዘርግተው ቆሙ። ላም ሲያባብሉ እንደሚያደርጉት ጎኗን መታ መታ አደረጓት። ጎማው ተጠርጎ ልብስ ታጥቦ ሲጨመቅ ማሽኗ ትንቀጠቀጣለች፤ እሳቸውም አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር።

የኋለኛው ጊዜ ሁሉ የሚከብድ ነው። እዚህ የሮኬት ሳይረን ይጮሃል፤ ሕንፃችን አሮጌ ስለሆነ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ እንሰበሰባለን። እትዬ ፈንታነሽ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው «እንኳን አልመጣች» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ እንደተሳደቡ ሁሉ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። እዚያ ጎንደርም ይተኮሳል። መንገድ ይዘጋል፤ ኔትዎርክ ይጠፋል፤ የሺ ለሳምንታት ድምፅዋ አይሰማም። ሲገኝ ሁለቱም ስለ ጥይት አያወሩም። እናትየዋ ውሃ መጥቷል ወይ ይላሉ። ልጅየዋ ትከሻሽስ ትላለች። ከዚያ እትዬ ፈንታነሽ ስለማሽኗ ይነግሯታል፤ ያንኑ ይደግሙላታል፤ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ሁለት ማንኪያ፣ አትነኪም፣ ትቀመጫለሽ። የሺም ሰምታ እንደማታውቅ ሁሉ «እሽ እናቴ፣ እሽ» ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ «እናቴ፣ አንቺው ተቀመጭ» አለቻቸው። እትዬ ፈንታነሽ ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩትና መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ልምምዱን ያቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። አቆምን ብለው አልነገሩኝም። ሄጄ በር ላይ ቆሜ «የሺ ልሁን?» ስላቸው «ዛሬ ደክሞኛል» አሉኝ። በሌላ ጊዜም ደከመኝ አሉ። ከዚያ እኔም መጠየቅ ተውኩ። ፕላስቲኩ እንደተለጠፈ ጠርዙ በራሱ እየተላጠ ተንከረፈፈ። በንፋስ ሲንሿሿ ከቤታችን ይሰማል።

በሽታው ሆዳቸው ውስጥ ነበር፤ ለማንም ሳይናገሩ ነው የተሸከሙት። ሆስፒታል ሊተኙ የሄዱት ዓርብ ቀን ነው። እማዬ ልትወስዳቸው ስትገባ ቤቱ በሙሉ ታጥቦ ነበር። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ ሻሻቸው፣ የቤት ጫማቸው ሳይቀር ታጥቦ ተሰጥቷል። ጋቢው ታጥቦ ታጥፏል። በዚያ ትከሻ እንዴት እንዳደረጉት እግዜር ይወቅ። ያልታጠበው ለብሰውት የወጡት ነጭ ቀሚስ ብቻ ነበር።

ከሆስፒታል አልተመለሱም። የሺ ለቀብር እንድትመጣ እማዬ ስልክ ያልደወለችበት ቦታ የለም። ለእንዲህ ያለው ደግሞ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል ተባለ። ቀብር ላይ እማዬ ስልኳን ከሰዎች ራስ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች፣ የሺ እንድታይ። ምስሉ ይመጣል፣ ይደርቃል። አፈሩ ሲገባ ምስሉ ደርቆ ነበር፤ በስልኩ ላይ የምትታየን አፏን የከፈተች፣ የማትንቀሳቀስ ሴት ናት። ድምፅዋ ግን ይሰማል።

ከቀብር እንደተመለስን እማዬ ገላዋን ታጥባ ልብሷን ቀየረችና ለለቅሶ የሚመጣውን ሰው ለመቀበል እትዬ ፈንታነሽ ቤት ገባች። የእኔንም ልብስ አስወልቃ ይዛ ሄደች። እኔ ታጥቤ ፀጉሬ ሳይደርቅ ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት። ድምፅዋ አልቋል፤ እንደ ሽማግሌ ይሻክራል። እናቷ ለብሳ የሄደችው ልብስ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ሆስፒታሉ በከረጢት አድርጎ እንደመለሰው፣ ከረጢቱ እትዬ ፈንታነሽ ቤት እንደሆነ ነገርኳት።

«ታጥቧል?»

«አልታጠበም።»

ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ።

«እንዳይታጠብ ኦሪትዬ። እንዲሁ እንዳለ አጥፈሽ አኑሪልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኪልኝ። ጠረኗ ጠፍቶብኛል። ከሄደች ጀምሮ ላስታውሰው እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። አንድ ጊዜ ላሽትታት።»

እሽ አልኳት። ስልኩን ሳልዘጋ በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁ። ሁለት በር ነው። ገና ሳሎኑ ውስጥ ሳለሁ ከበረንዳው ድምፁ ተሰማኝ፤ ያ ቀስ ያለ፣ እየዞረ የሚቆም፣ እየቆመ የሚዞር ድምፅ።

እማዬ ወንበር እየደረደረች ነበር። ከረጢቱን ጠየቅኋት።

«ከኛ ልብስ ጋር ከተትኩት። የቀብር ልብስ፣ የታመመ ሰው ልብስ፣ ሳይታጠብ ቤታቸው ውስጥ ይደር? እሳቸው ቢኖሩ ያሳድሩት ነበር?» አለች። ወንበሩን አስቀምጣ አየችኝ። «ምነው?»

አልፌያት በረንዳው ላይ ደረስኩ። ማቆሚያውን ተጫንኩት። ከበሮው ቆመ። እጀታውን ጎተትኩ፤ ተቆልፏል፤ ውሃውን ሳትደፋ አትከፍትም። መብራቷ እየጠፋ እየበራ ትጮሃለች። በመስታወቱ ውስጥ የእኔ ጥቁር ሸሚዝ፣ የእማዬ ጉርድ፣ በመሀላቸው ነጩ ቀሚስ ይታያል፤ በዚያች ትንሽ ውሃ እስከ ጫፉ ርሷል። እማዬ ከኋላዬ ስትመጣ ነገርኳት። ዱካው ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አወረደች።

የሺ እጄ ላይ ባለው ስልክ እንዳለች ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«ኦሪትዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ማሽኗ ናት። አቁሜያት ነው።»

«ቀሚሱ ማሽኗ ውስጥ ነው?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ሌላ ልብስ ነው ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኳት።

ኔትዎርኩ የተቆረጠ መሰለኝ፤ ምነው በተቆረጠ ብዬ ተመኘሁ። ወፍ ይጮህ ነበር እዚያ፤ አንድ ሰው ከሩቅ ይጣራል። ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ የለቀስተኛ አልነበረም፤ የሥራ ድምፅ ነበር፤ በየሰው ቤት ሳፋ ላይ የምትናገርበት።

«በሳሙና እንደተዘፈዘፈ አታቁሚው፤ ጨርቁን ይበላዋል። ይጨርስ።»

ቁልፉን መልሼ ተጫንኩ። ከበሮው ዞረ። የቀሚሱ እጅጌ ወደ መስታወቱ መጣ፣ ተለጠፈ፣ ተመለሰ። ታጥቦ እስኪያልቅ እማዬም ከዱካው አልተነሣችም፣ የሺም ስልኩን አልዘጋችም።